መስኮት ያለው አልጋ

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ልጄ ርብቃ ናት። የደም ግፊቴን ጠዋትና ማታ እንድጽፍበት ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፍኩት ግን ሌላ ነው። ሃያ አራት ጫማ። ሠላሳ አንድ ጫማ።

የሞተርሆም ርዝመት ነው። ቤትና መኪና ባንድ ላይ።

የልብ ቀዶ ጥገና ከተደረገልኝ ገና ወር አልሞላኝም። ከባድ ነገር አታንሳ፣ አትንዳ፣ አትደንግጥ ተብያለሁ። የመጨረሻዋን ሐኪሙ የነገረው ለእኔ ሳይሆን ለባለቤቴ ለየሺሀረግ ነው። "ምንም የሚያስደነግጥ ነገር እንዳይሰማ።" እሷ ደግሞ የሐኪም ቃል የምትይዘው እንደ ንስሐ አባት ቃል ነው። ቴሌቪዥኑን እንኳ ዜና ሲመጣ ታጠፋዋለች።

ስለዚህ ተቀምጬ ርዝመት እለካለሁ።

ሃሳቡ የቆየ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነዳሁ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ዊተን፣ ከዊተን ሲልቨር ስፕሪንግ። አሜሪካን የማውቃት በዚያች መስመር ልክ ነው። ጡረታ ስወጣ ምዕራቡ ባሕር እስኪያስቆመኝ ድረስ እነዳለሁ ብዬ ነበር፤ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሳልቸኩል፣ ደወል የሚደውልብኝ ተሳፋሪ ሳይኖር። የሺ "ቤት እያለህ ምን ያንከራትትሃል?" ትል ነበር። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ አትልም። ማንም እንቢ አይለኝም። ይህ ራሱ ያስፈራል።

አሁን ደግሞ እታለም ትመጣለች። ቪዛዋ ወጥቷል። ሰኔ ላይ እዚህ ናት።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

እታለም የምላት ታላቅ እህቴን አየለችን ነው። እናታችን ስትሞት እኔ ስድስት ዓመቴ፣ እሷ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ደሴ ላይ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከዚህ በላይ ስለዚህ ጉዳይ መጻፍ አልችልበትም።

መኪና ያማታል። ከደሴ ኮምቦልቻ እንኳ ስንወርድ ሎሚ አፍንጫዋ ላይ ይዛ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ነበር የምትደርሰው። እንግዲህ ከሹፌሩ ጎን መቀመጥ አለባት። ጉልበቷ ደረጃ አይወጣም። ትንሿ ሞተርሆም ላይ ሦስተኛው ሰው የሚተኛው ከሹፌሩ ራስ በላይ ባለው ቆጥ ነው፤ በመሰላል ይወጣል። አይሆንም። ሌላው ምርጫ የምግብ ጠረጴዛውን ማታ ማታ እያጠፉ አልጋ ማድረግ ነው። እህቴን ጠረጴዛ ላይ ላስተኛ?

ትልቁ ከኋላ የራሱ በር ያለው መኝታ አለው። ዝቅ ያለ አልጋ።

ልቡና የሚመክረው ትንሿን ነው። ፓርኮቹ ውስጥ ያሉት የድሮ ማደሪያዎች ረዥም መኪና አያስገቡም። አንዳንዱ የተራራ መንገድ ጭራሽ ይከለክላል። ርዝመቱ ለእኔ ምንም አይደለም፤ አርባ ጫማ አውቶቡስ በበረዶ ነድቻለሁ። ግን የምናየውን አገር ያሳጥርብናል። ትልቅ ቤት፣ ትንሽ አገር።

ሠላሳ አንድ።

መጋቢት 21፣ እሁድ

እሁድ እሁድ እንደዋወላለን። ዛሬ የልጇ የኖላዊ ስልክ ላይ በቪዲዮ ነበረች። ስልኩን በጣም አስጠግታው ግንባሯ ብቻ ይታየኛል።

"ኪራዬ፣ መጸዳጃውም እዚያው ውስጥ ነው አልከኝ?" አለች፣ በልጅነት ስሜ ጠርታ።

"እዚያው ነው።"

"ከምድጃው በስንት ይርቃል?"

"ክንድ ቢሆን ነው።"

"በስመ አብ! ይሄ ቤት ነው ቅሌት?"

ሳቀች። ኖላዊም ከኋላ ሲስቅ ይሰማኛል። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ስትለምን ልማዷ ነው፣ በሕይወቷ ብዙ ስላልለመነች አትችልበትም።

"አንድ ነገር ብቻ። ተኝቼ ደጁን የማይበት መስኮት ይኑረው። ሌላው የእናንተ ነው።"

ተኝታ ደጁን የምታይበት።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ከውድብሪጅ አለፍ ብሎ ወዳለው መሸጫ ሄድን። የነዳው ፀሐዩ ነው። ፀሐዩ የእድራችን ሰብሳቢ፣ የሠላሳ ዓመት ወዳጄ ነው፤ ዊተን ይኖራል። እኔን አጠገቡ አስቀምጦ ሲነዳ ደስ ይለዋል፤ ባለሙያ ፊት መንዳት።

ሻጩ ከፈለ የሚባል ልጅ ነው። እናቱን ከቤተ ክርስቲያን አውቃታለሁ። አንደበት አለው።

"ጋሼ፣ ትልቁን ይዩ። ትንሹን ሞተርሆም የገዛ ሁሉ በዓመቱ ተመልሶ እኔጋ ይመጣል፣ ትሬድ ሊያደርግ። ሦስት ቀን ዝናብ ሲዘንብ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ አስቡት። ትዳር ይፈርሳል።"

"የሱ ትዳር ከአውቶቡስ ተርፏል፣ ከዚህም ይተርፋል" አለ ፀሐዩ።

ሠላሳ አንዱ ውስጥ ገባን። ግድግዳው በቁልፍ ሲታዘዝ ወደ ውጭ እየተንሸራተተ ክፍሉን ያሰፋዋል፤ ፀሐዩ ሁለት ጊዜ አስከፍቶ ሁለት ጊዜ አዘጋው። ከኋላ መኝታው አለ። መስኮቱ ከአልጋው እኩል ነው። እንዲተኛበት ፀሐዩን ለመንኩት። ጫማውን አወለቀና ጋደም አለ።

"ምን ይታይሃል?"

"ሰማይ። አንድ ዛፍ። የሌላ ሰው መኪና ቂጥ።"

"ዛፉ ሙሉ ነው የሚታየው?"

"ከነቅርንጫፉ።"

እንግዲህ ተገኘ። ከፈለ "ለጋሼ ይዤዋለሁ" አለ።

ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ሰው ዘንባባ ጣቱ ላይ አስሮ ስለ እኔ መኪና ያወራል። ፀሐዩ ነው ያዳረሰው።

ስሂን፣ የመዘምራኑ አስተባባሪ፣ "ስንት ሰው ያስተኛል?" አለችኝ።

"ቢጣበብ ስድስት።"

"ስድስት ብቻ? እንግዳ ቢመጣስ?"

"መንገድ ላይ ማን ይመጣል?"

"እኛ ነና! ኮሎራዶ ስትደርሱ እንበራለን።"

አንዱ "ጡረታ ወጥቶ እንደገና ሹፌር" አለ። ሌላው "አሁንስ ተሳፋሪው ክፍያ አይከፍልም" አለ። እንደዚህ እየተባባሉ ስምንት ሰው ሞሉበት፤ ቄሱን ሲጨምሩ ዘጠኝ። ሠላሳ አንድ ጫማም አልበቃ አለ። ሳቅሁ፤ ደረቴ ላይ ያለው ስፌት አመመኝ። ሳቅ አልከለከሉኝም ነበር።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

እታለምን እንኳን አደረሰሽ አልኳት። ታስላለች። "ብርድ ነው፣ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ" አለች። ስለ መስኮቱ ነገርኳት፣ ስለ ዛፉም። "ዛፉንም ይሸጡታል እንዴ?" አለች።

ከዚያ፣ "ሂድ ብላ፤ ይቀዘቅዝብሃል።"

ሚያዝያ 19፣ እሁድ

ደወልኩ። አልተነሳም። የኖላዊም አልተነሳም።

የሺ "ኔትወርክ ነው" አለች። ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም ነበር።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

ርብቃ ከአሌክሳንድሪያ በሥራ ቀን መጣች። እሁድ እንጂ ረቡዕ መጥታ አታውቅም። ተኝቻለሁ ብለው ነው መሰለኝ ወጥ ቤት ውስጥ ድምፃቸውን ያልጠበቁት።

"ማሚ፣ ኢትስ ኖት ፌር። ማወቅ አለበት።"

"ቀስ በይ! ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል።"

"ሶ ዌን?"

"ሲጠነክር። እነ ጋሽ ፀሐዩ ያውቃሉ።"

ኮሪደሩ ላይ ሳልሁ። ስገባ ርብቃ አቀፈችኝ፤ ከቀዶ ጥገናው የነቃሁ ዕለት እንኳ እንደዚያ አላቀፈችኝም።

ስለ ልቤ የደበቁኝ ነገር አለ ማለት ነው። አንዱ የደም ሥር አልተሳካ ይሆናል። ይህን ሳስብ ሰውነቴ ተፍታታ፣ እንቅልፍም ወሰደኝ። ስለ እኔ ከሆነ ግድ የለም።

ሚያዝያ 26፣ እሁድ

ከኖላዊ መልእክት። "ጋሼ፣ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ግሸን ጸበል ሄዳለች። እዚያ ስልክ አይገባም።"

ድምፅ አይደለም፤ ጽሑፍ ነው። ድምፅ ላክልኝ አልኩት። አልላከም።

ግሸን። በዚያ ጉልበቷ።

ለየሺ ነገርኳት። "ጸበል ጥሩ ነው" አለች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ።

ጥሩ ነው። ጸበል ጥሩ ነው።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ወደ መሸጫው ተመለስን። ርብቃ ነዳች፤ የሺ ለመጀመሪያ ጊዜ መጣች።

ከፈለ ከጠረጴዛው ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ባለፈው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ነበር።

"ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? አይዞዎት።"

"ምን ሆንኩና?"

"አይ፣ ኦፕሬሽኑን ነው።" ከዚያ ሌላ ነገር ሳይል፣ "እኔ ሳስበው ትንሿን ይውሰዱ" አለ።

"ባለፈው ትዳር ይፈርሳል አላልከኝም?"

"ለሁለት ሰው ትበቃለች። ፓርክ ማድረግ ይቀላል፣ ነዳጁም..."

"ሦስት ነን።"

ርብቃ ስልኳን ማየት ጀመረች። የሺ ደጁን አየች። ከፈለ የያዘውን ቁልፍ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። የሚሸጥ ሰው ትንሹን ሲመክር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

ትልቁን ክፈትልኝ አልኩት። ያነበብኩት ምክር ነበረ፤ መኪናውን ከመግዛታችሁ በፊት ውስጡ አንድ ቀን እንደዋላችሁ አድርጋችሁ ተጫወቱ ይላል። አብስሉ፣ ታጠቡ፣ ልብስ ቀይሩ፣ ተኙ። ማን ከማን ጋር እንደሚጋጭ ያን ጊዜ ይታወቃል። እኔ ምድጃው ጋ ቆምኩ። ርብቃ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። ሦስተኛ ሰው አስፈለገን።

"የሺ፣ አንቺ እታለምን ሁኚ። ኋላ ሄደሽ ተኚ።"

ሄደች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ጎኗን አስነካችውና እሳት እንደነካው ሰው ተነሳች። እንድታልፍ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ወጥታ መኪናው ጥላ ሥር ቆመች።

ወገቧ ነው መሰለኝ። ፍራሹ ደረቅ ነው።

ማንም ሳይነግረኝ መስኮቱን ራሴ ሄጄ ዘጋሁት።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

እንቅልፍ የለም። ስለ ንግስት እያሰብኩ ነው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ፀሐዩና እኔ ለእድሩ ብዙ መርዶ ነግረናል። እዚህ አገር ሥርዓቱን እንዳመቸን ነው የምንሠራው። ቅዳሜ እንመርጣለን፣ ሰው ሥራ እንዳይቀርበት። ቤተሰቡ ቀድሞ ይነገረዋል። የታመመ ሰው ከሆነ እስኪያገግም ይጠበቃል፤ ወርም ይሁን። መኪኖቻችንን ራቅ አድርገን፣ መብራት አጥፍተን እናቆማለን። ሰው ሲሟላ እንወርዳለን። የሚናገረው ፀሐዩ ነው። የእኔ ቦታ ከኋላ ነው፤ ሰውየው ሲወድቅ የምደግፍ እኔ ነኝ። አንድ ጊዜም አልተነጋገርንበት፤ ብቻ እንደዚያ ሆነ።

ንግስት ኮሎምቢያ ሃይትስ ነበር የምትኖረው። እናቷ ጎንደር አርፈው ነበር። ፀሐዩ አፉን ሳይከፍት ጮኸች፤ ያዝኳት። ከወራት በኋላ አዳራሽ ውስጥ አገኘችኝና እንዲህ አለችኝ፦

"አውቄ ነበር እኮ። ሦስት ቀን አውቄ ነበር። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲያከብረኝ ሌላ ምን ሊሆን ነው?"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"ሦስት ቀን አቆየኋታ።"

ያን ጊዜ አልገባኝም። ሰው ሲያዝን እንዲሁ የሚናገረው መስሎኝ ነበር።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ፀሐዩ ሊጠይቀኝ መጣ። ሙዝ ይዞ። ፀሐዩ ሙዝ ይዞ መጥቶ አያውቅም። ስለ መኪናው አላነሳም፤ እኔ ሳነሳ "በል በል፣ ይደረስበታል" ይላል።

"ጠዋት ስንት ሰዓት ትነቃለህ አሁን?"

"ምን ፈልገህ ነው?"

"እንዲሁ። ሐኪሙ ጋ መቼ ነው?"

"ሐሙስ።"

"ጥሩ። ጥሩ።"

ሲወጣ የሺ እስከ መኪናው ሸኘችው። በመስኮት አየኋቸው። እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ፤ አንገቷን ደፋች። ሐብሏን አውልቃለች፤ ሰሞኑን እንዳወለቀች ነው። ጠይቄያት "ይከብደኛል" ብላኛለች።

የአልጋውን ስፋት እንደገና ማረጋገጥ አለብኝ።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ሐኪሙ የልቤን ፎቶ እያየ ፈገግ አለ። በጣም ጥሩ ነው፣ መንዳት ትችላለህ፣ መጓዝም ትችላለህ አለ።

"ግን ይደክመኛል" አልኩ። "ደረቴንም ይወጋኛል። አንዳንዴ ይዞርብኛል።"

አንዱም እውነት አይደለም። ትናንት እስከ ባቡር ጣቢያው በእግሬ ሄጄ ተመልሻለሁ።

"መቼ መቼ?"

"ሲነጋ።"

ለምን ይህን እንዳልኩ አላውቅም። አልጋ ላይ አስተኝተው እንደገና ልቤን አዩ፣ አዳመጡ። ምንም የለም። የሺ ፊቴን አየችኝ። ኮሪደሩ ላይ ስልኳን አውጥታ ራቅ አለች፤ ቃሏ አይሰማኝም፣ ግን ራሷን ስትነቀንቅ አየሁ። አዎ። አዎ። ደህና ነው።

እንደዚያ ዓይነት ስልክ ስንት ጊዜ ተቀብያለሁ። "ጠንክሯል ወይ?" ብለን እንጠይቃለን። "ጠንክሯል" ይሉናል።

ወደ ቤት ስንመለስ ቁልፉን ሰጠችኝ። "ንዳ፤ ተፈቅዶልህ የለ?" አለች። የትራፊክ መብራቱ ቢጫ ሳለ ቆምኩ። ከኋላዬ ያለው ሰው ጥሩምባ ነፋብኝ። መንገዱ ሁሉ ቢጫ ቢሆን ደስ ባለኝ።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ማንም አልመጣም።

የእድሩ አባላት ግማሾቹ ሰርግ አለባቸው፤ ረስቼው ነበር። ሌላ አንድ ሳምንት።

ለከፈለ ደወልኩለት። ሠላሳ አንዱን እንዳትሸጥብኝ አልኩት። "እሺ ጋሼ" አለ። ድምፁ ልክ እንደ ኖላዊ መልእክት ነበር።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ትንሹንና ትልቁን ስለካ ከርሜ አንድ ነገር አልፎኝ ነበር። ለካ መኪናው በርዝመቱ ብቻ አይመረጥም። በሩ አጠገብ የተለጠፈ ቁጥር አለ፤ ከራሱ ክብደት በላይ ምን ያህል መሸከም እንደሚችል የሚናገር። ውሃው፣ ልብሱ፣ ሰዉ፣ ሁሉም ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ረዥሙ መኪና ሁልጊዜ የበለጠ አይሸከምም። ጭነቱ ከዚያ ሲያልፍ ጎማው ወዲያው አይፈነዳም። ለጊዜው ይሄዳል። ደህና የሆነ ይመስላል።

ይህን ሳነብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ውሃው ክፍት ነበር። የሺ ገብታ ከቆየች ብዙ ሆነ። ስትታጠብ ውሃው ይንሿሿል፣ ይቋረጣል፣ እንደገና ይመጣል። ይሄ ግን አልተቋረጠም። ዝም ብሎ ይፈስሳል። በሩ አጠገብ ቆምኩ። ከውሃው በታች ሌላ ድምፅ ነበረ፤ ፎጣ ውስጥ የተቀበረ።

የሺና እታለም ከእኔ በፊት ነው የሚዋደዱት። የሺን ያጨችልኝ እሷ ናት። ሙሽራ ሆና ደሴ ስትገባ እግሯን ያጠበቻት እሷ ናት። እሁድ እሁድ ስልኩን ከእጄ እየነጠቀች እኔን ያሙኛል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሺ የጠቆረ ልብስ አልለበሰችም። ፀጉሯን አልተላጨችም። ጎረቤት አልሰበሰበችም። ጮኻ አላለቀሰችም። ምግቤን ጨው ቀንሳ ሠርታ፣ መድኃኒቴን ቆጥራ ሰጥታ፣ እኔ ስለ ፍራሽ ሳወራ ሰምታ፣ ከዚያ ውሃ ከፍታ ገባች።

በሩን ላንኳኳ እጄን አነሳሁ። መለስኩት።

እንዲህ ዓይነት መኪና ውስጥ ውሃ እንደዚህ ከተለቀቀ ከሩብ ሰዓት በላይ አይዘልቅም።

ያቆየሁት ነገር አለ። የሚሸከመው ግን እኔ አይደለሁም።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

መናገር ሞከርኩ። "የሺ" አልኩ። "አቤት" አለች፣ ፊቷ ተለወጠ።

"ጨው የት ነው?"

"አልተፈቀደልህም።"

ፈሪ።

ግንቦት 22፣ ዓርብ

ርብቃ አመሻሹ ላይ ሻንጣ ይዛ መጣች። እዚህ አድራለሁ አለች። ሻንጣዋ ዚፑ አልተዘጋም፤ ጥቁር ቀሚስ ይታያል። ሶፋዎቹ ወደ ግድግዳ ተጠግተዋል። የሺ "ምንጣፉን ልጠርግ ብዬ" አለች። ጋራዡ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለሉ ወንበሮች አየሁ፤ የእድሩ ናቸው፤ ባለፈው ዓመት ሁለቱን እኔ ነኝ የጠገንኳቸው።

እራት በላን። ሦስታችንም ሳህናችንን እናያለን።

"አስቤበት ነበር" አልኩ። "ስለ መኪናው።"

የሺ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ትንሿ ትበቃናለች።"

ርብቃ ቀና አለች። የሺ ግን አላየችኝም። የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ በጣቷ ታለሰልሰዋለች።

"ለሁለት ነው ታዲያ?" አለች። ድምጿ እንደ ክር ቀጠነ።

"ለሁለት።"

ከዚያ የሺ ተነሳችና ወደ መታጠቢያ ቤቱ አልሄደችም። እኔው አጠገብ ቆማ፣ ራሴን ሆዷ ላይ አስጠጋችው፤ እዚያው፣ ውሃ ሳትከፍት አለቀሰች። ምን ሆንሽ አልላትም። ምን ሆንኩ አትለኝም። ርብቃ "ማሚ" ብላ ተነስታ እንደገና ተቀመጠች።

ሰው አወቀ ማለት ግን ተነገረው ማለት አይደለም። ያ ነገ ነው።

ግንቦት 23፣ ቅዳሜ፣ ሊነጋ ሲል

ታጥቤያለሁ። ነጭ ሸሚዝ ለብሻለሁ። የሺ ከመኝታ ቤት አልወጣችም፤ እንዳልተኛች አውቃለሁ።

መኪኖቹ መጥተዋል። ከመንገዱ ማዶ፣ ራቅ ብለው፣ መብራት አጥፍተው። የፀሐዩን መኪና አውቃታለሁ። ማንም አልወረደም፤ ሰው እስኪሟላ ነው። ሌሊት ሁሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነበር፤ ከኋላዬ የሚቆመው ማን ይሆን? የእኔን ቦታ ለማን ሰጡት?

ርብቃ ሶፋው ላይ ተኝታ ነበር። ተነሳች። በባዶ እግሯ መጥታ ከወንበሬ ጀርባ ቆመች። ሁለት እጆቿን ትከሻዬ ላይ አደረገች፣ ከበድ አድርጋ። ማን እንዳስተማራት አላውቅም። እኔ አላስተማርኳትም።

"ዳድ፣ ምን እየጻፍክ ነው?"

"ግፊቴን።"

"ከፍ ብሏል?"

"ደህና ነው።"

ልጄ አማርኛ ማንበብ አትችልም። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ትቁጠር ብዬ ወስጃት አለቀሰች፤ ተውኳት። አሁን ዓይኗ እዚህ ገጽ ላይ ነው፤ እኔም በፊቷ የፈለግሁትን መጻፍ እችላለሁ። እንግዲህ ልጻፈው።

እህቴ አየለች ሞታለች። በየትኛው ቀን እንደሆነ ይነግሩኛል። ማን እንዳጠባት፣ የት እንዳረፈች፣ ሳሏ ምን እንደነበር፣ ሁሉንም ይነግሩኛል። እስከ ትናንት ማታ ድረስ ከመስኮቱ ሥር ነበረች፤ ሰማይና አንድ ዛፍ ከነቅርንጫፉ እያየች። ከዚያ በላይ ላቆያት አልቻልኩም።

ሲነግሩኝ ያላወቀ ሰው ሆኜ እሰማለሁ። ልብሳቸውን ለብሰው፣ እንቅልፋቸውን አጥተው የመጡት ለዚህ ነው።

ሰኔ ላይ እንሄዳለን፣ የሺና እኔ፤ በሃያ አራቷ። ከፊት መቀመጫው አጠገብ ሎሚ አስቀምጣለሁ።

የመኪና በር ተዘጋ፣ ቀስ ተብሎ። ሌላም። የርብቃ እጆች ከበዱ።

ፀሐዩ ከማንኳኳቱ በፊት ሁልጊዜ ያመነታል። ሠላሳ ዓመት ከጎኑ ቆሜ አይቼዋለሁ፤ እጁን ያነሳል፣ ያወርዳል፣ እንደገና ያነሳል። ዛሬ እንዳይቸገር ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌዋለሁ።